ጉድጓዱ ግንቦት እንዲደርስ፦ የጎጃም የከርሰ ምድር ውኃ ስሌት

በመስከረም መጨረሻ በዳንግላ ወይም በመራዊ ዙሪያ ጉድጓድ አፍ ላይ ያጎነበሰ ሰው ውኃውን ቅርብ ያገኘዋል፤ ገመዱ ብዙም ሳይለቀቅ ባልዲው ይሞላል። ያው ጉድጓድ በሚያዝያ ጭቃ ይቀዳበታል፤ የባሰበትም ጨርሶ ይነጥፋል። ይህ የቆየ ነገር ነው፤ የጎጃም ገበሬ ከአባቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር የውኃ ሞተሩ ነው። ቀድሞ በቀን ጥቂት እንስራ ይወጣበት ከነበረው ጉድጓድ ዛሬ በአንድ ጠዋት ለሽንኩርት፣ ለድንች፣ ለቃሪያና ለበጋ ስንዴ ብዙ ሺህ ሊትር ይወጣል። የሞተሩ መምጣት መልካም ነው፤ በዓመት አንዴ ያመርት የነበረ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ እንዲያመርት አድርጓል። የጎደለው፣ ከየጉድጓዱ ምን ያህል ቢወሰድ ጎረቤት ሳይጎዳ እስከ ክረምት እንደሚዘለቅ የሚናገር ስሌት ነው።

ይህን ለማወቅ የውኃ ባለሙያዎች ሞዴል፣ ማለትም የውኃውን መግባትና መውጣት በቁጥር የሚከተል የኮምፒውተር ስሌት፣ ይሠራሉ። ስለ ሞዴል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ከመሬቱ በታች ስንት ውኃ አለ?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ከመነሻው ይስታል። ለጎጃም የሚበጀው «የምንቀዳው ውኃ ከየት ይጎድላል? መቼስ ይጎድላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፈቃድ አሰጣጡን፣ የሰብል ምርጫውን፣ የጎረቤት ጠቡን ሁሉ የሚወስነው እርሱ ነው።

መጀመሪያ ውኃው ያለበትን ቦታ እንይ። የጎጃም መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። የቆየው ንብርብር 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ጮቄ ከእርሱ በኋላ በላዩ የተከመረ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ከጣና በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል ወደ እንጅባራ የሚዘልቀው ድንጋይ ደግሞ በጣም ወጣት ነው። ገና ያልበሰበሰና ቀዳዳው የበዛ ስለሆነ ውኃን በደንብ ይቀበላል፣ በደንብም ያስተላልፋል። ባሕር ዳር ለረጅም ዘመን የጠጣቻቸው አረቄና ሎሚ የተባሉት ምንጮች ከዚህ ወጣት ድንጋይ የሚወጡ ናቸው።

በሌላው ቦታ ግን ገበሬው የሚቆፍረው ድንጋዩን ሳይሆን ድንጋዩ በዘመናት በስብሶ የፈጠረውን ቀይ አፈርና ከሥሩ ያለውን ፍርክስክስ ነው። እንዲህ ያለው አፈር ውኃን ይይዛል እንጂ ቶሎ አይለቅም። ሞተር በአንድ ሰዓት የጨረሰው ጉድጓድ እንደገና እስኪሞላ ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድበት የሚችለው ለዚህ ነው። ሃምሳ ሜትር በማይራራቁ ሁለት ቦታዎች ተቆፍሮ አንዱ ውኃ ሲሰጥ ሌላው ደረቅ የሚሆነውም የድንጋዩ ስንጥቅ እንደየቦታው ስለሚለያይ ነው።

ዳንግላ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይወርዳል። ይህ ለብዙ አገር የሚያስቀና ዝናብ ነው፤ ታዲያ ጉድጓዱ በሚያዝያ ለምን ይነጥፋል?

ምክንያቱ ተዳፋቱ ነው። ክረምት የሰረገው ውኃ ባለበት አይቆምም፤ በአፈሩና በስንጥቁ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከዚያም በምንጭና በጅረት ይወጣል። ግልገል ዓባይ፣ ቢር፣ ተምጫ፣ ጨሞጋና ሙጋ ዝናብ በሌለበት በየካቲትና በመጋቢት የሚፈሱት ይህንኑ ውኃ ነው። የጎጃም የላይኛው የከርሰ ምድር ውኃ ሥሩ እንደተሸነቆረ እንስራ ነው፤ ማንም ባይቀዳው እንኳ ይጎድላል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይሞላል።

ስለዚህ የጎጃም ነገር ከሕንዱ ፑንጃብ ወይም ከአሜሪካ ከፍተኛ ሜዳዎች የተለየ ነው። እዚያ ውኃው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየወረደ፣ በሙሉ ሳይተካ፣ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ከራሳችን አገርም የሐረማያ ሐይቅ አለ፤ ለጫት መስኖና ለከተማ መጠጥ ዙሪያውን ሲሳብ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ጎጃም ክረምቱ በየዓመቱ ስለሚመልስላት እንዲህ ያለውን አደጋ ለጊዜው ከደጋው የላይኛው ውኃ ላይ አንጠብቅም። የእኛ መመናመን የሚታየው በዓመቱ ውስጥ ነው። ድሮ ግንቦት ይደርስ የነበረው ጉድጓድ መጋቢት ላይ ይነጥፋል፤ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ከመጀመሪያው ዝናብ ሁለት ወር ቀድሞ ይደርቃል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ጨርሶ አያየውም፤ ጥቅምት ላይ መጥቶ «ውኃው ሙሉ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ሞዴል ማለት እንግዲህ ይህን መውጣትና መግባት በቁጥር መከተል ነው። መሠረቱ ሁለት ሐሳብ ብቻ ነው። አንደኛው ሄንሪ ዳርሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1856 እ.ኤ.አ. በዲዦን ከተማ አሸዋ በሞላ ቧንቧ ውኃ አሳልፎ በመለካት ያረጋገጠው ነው፤ ውኃ በአፈር ውስጥ የሚያልፈው በሁለቱ ጫፎች የከፍታ ልዩነት መጠን፣ በመካከላቸው ባለው ርቀትና በአፈሩ ውኃ የማስተላለፍ አቅም ተወስኖ ነው። ሁለተኛው ማንም የሚያውቀው ነው፤ የገባው ከወጣው ከበለጠ ደረጃው ይነሣል፣ ካነሰ ይወርዳል።

ኮምፒውተሩ ወረዳውን በካርታ ላይ በአራት ማዕዘን ቁራሾች ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቁራሽ ጎኑ 100 ሜትር ነው እንበል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ቁራሽ፣ ለእያንዳንዱ ቀን ወይም ሳምንት፣ ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ያሰላል። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በብዛት የሚያገለግለው ሞድፍሎው የተባለው ፕሮግራም ነው፤ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ማንም በነጻ ሊያገኘው ይችላል።

ከእነዚህ ቁራሾች አንዱን ብቻ ቀርበን እንየው። በሸለቆ ጠርዝ ያለ፣ ከታቹ ጅረት፣ ከላዩ የባሕር ዛፍ ተክል፣ በመሐሉ የሽንኩርት ማሳና አንድ ሞተር ያለበት ቁራሽ ነው፤ ወሩ ጥር ነው። ከላይኛው ቁራሽ ውኃ ይገባበታል፤ ዝናብ የለም። ወደ ታችኛው ቁራሽና ወደ ጅረቱ ይወጣበታል። የባሕር ዛፉ ሥር ጠልቆ ስለሚሄድ በበጋም ይጠጣል። ሞተሩ ደግሞ ይስባል፤ ለሽንኩርቱ ከተሰጠው ውኃ ከሥሩ ያለፈው ጥቂት ክፍል ተመልሶ ይሰርጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ተቀንሶ የሚቀረው ቁጥር ውኃው በዚያ ሳምንት ስንት ጣት እንደወረደ ይነግራል። የወረደው ደረጃ ደግሞ ከላይኛው ቁራሽ ጋር ያለውን ልዩነት ያሰፋዋል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ከላይ የሚመጣው ይጨምራል፣ ወደ ጅረቱ የሚወጣው ይቀንሳል። አንዱ ጉድጓድ ሌላውን የሚነካው በዚህ መንገድ ነው።

የአንድ ሄክታርን ሒሳብ በእጅ መሥራት ይቻላል። አንድ የበጋ ሰብል በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግና ለ100 ቀን ቢቆይ፣ ለአንድ ሄክታር 5,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከክረምቱ ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው 300 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ አንድ ሄክታር መሬት በዓመት የሚያገኘው 3,000 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ በመስኖ የለማ አንድ ሄክታር፣ ከአንድ ሄክታር ተኩል በላይ በሆነ መሬት ላይ የሰረገውን ውኃ ብቻውን ይጠጣል። ሸለቆው ውስጥ ከአሥሩ ማሳ አንዱ በመስኖ ቢለማ ችግሩ ቀላል ነው። ግማሹ ቢለማ ግን ለጅረቱ የሚተርፍ ብዙ አይኖርም።

አሁን ሌላ ቁጥር እንጨምር። አፈሩ ሙሉ በሙሉ ውኃ አይደለም፤ ሲንጠፈጠፍ የሚለቀው ከይዘቱ ከመቶ አምስት እጅ ቢሆን፣ ያ 5,000 ሜትር ኩብ ከማሳው ሥር ብቻ ቢወጣ ውኃው አሥር ሜትር ይወርዳል። ከአሥር ሄክታር ሥር ተሰብስቦ ቢመጣ አንድ ሜትር ብቻ ይወርዳል። በተቃራኒውም 300 ሚሊ ሜትር የሰረገ ዝናብ ጉድጓዱን ስድስት ሜትር ሊያነሣው ይችላል። ገበሬው ጉድጓዱ በክረምት በብዙ ሜትር ሲነሣ አይቶ «ከሥር ባሕር አለ» ቢል አይፈረድበትም። የተነሣው ስድስት ሜትር አፈር ውስጥ የተሸጎጠው ግን ከጉልበት በታች የሚቀር ውኃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ጭምር የሚስትበት ነገር አለ። «በዓመት የሚሰርገው ይህን ያህል ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ መቅዳት ይቻላል» የሚለው አባባል ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ቻርልስ ታይስ የተባለ አሜሪካዊ የውኃ ጂኦሎጂስት በ1940 እ.ኤ.አ. በግልጽ አስረድቶታል። ማንም ሳይቀዳ በፊት የሚሰርገው ውኃ ሁሉ ሥራ አለው፤ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፣ ጅረት ይሞላል፣ ረግረጉን ያርሳል፣ ዛፍ ያጠጣል። ጉድጓድ ሲቀዳ መጀመሪያ ከተጠራቀመው ይወስዳል፤ እየቆየ ግን ከምንጩና ከጅረቱ ይወስዳል። የሚሰርገውን በሙሉ ብንቀዳ ምንጩም ጅረቱም መድረቅ አለባቸው። ስለዚህ «ዘላቂ አጠቃቀም» የሚባለው መጠን ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የሚገኝ ቁጥር አይደለም። ከምንጩና ከጅረቱ ምን ያህሉን ለመተው እንደተስማማን የሚወሰን ነው። ሞዴሉ ዋጋውን ይነግረናል፤ ምርጫው የሕዝቡ ነው።

ዋጋው መቼ እንደሚመጣም ይነግራል። የጉድጓድ ጫና በመሬት ውስጥ ሲጓዝ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል። በደጋው ቀይ አፈር ሊኖር የሚችል ውኃ የማስተላለፍና የመያዝ አቅም ወስደን ብናሰላ፣ ከጅረቱ 100 ሜትር ርቆ ያለ ጉድጓድ በጅረቱ ላይ የሚያሳድረው ጉዳት በ50 ቀን ገደማ ይታያል፤ ማለትም በታኅሣሥ የተቀዳው በየካቲት ይታወቃል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሊወስድበት ይችላል። የጎጃም ሸለቆዎች ጠባብና ተቀራራቢ ስለሆኑ አብዛኛው የእጅ ጉድጓድ ከቅርቦቹ ጋር ይመደባል። መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ታች የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ጉዳታቸው ይዘገያል፤ መዘግየቱ ግን «የተለየ ውኃ ነው» የሚያሰኝ አይደለም፤ ንብርብሮቹ በስንጥቅ ከተገናኙ ውሎ አድሮ ሒሳቡ አንድ ነው።

በዚህ መሐል ጥፋቱን ሁሉ ሞተሩ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ወልደአምላክ በውቀትና ጌርት ስተርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው የጨሞጋ ወንዝ የበጋ ፍሰት ከ1960 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ እየቀነሰ እንደመጣ አሳይተዋል። ያኔ የውኃ ሞተር በአካባቢው ገና አልተስፋፋም ነበር። እነርሱ ምክንያት ያሉት የተፈጥሮ ደን መጥፋቱን፣ የእርሻው መስፋፋት፣ የግጦሹ መብዛትና የባሕር ዛፉን መጨመር ነው። መሬቱ ሲራቆት ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ይሄዳል፤ ጥልቅ ሥር ያለው ዛፍ ሲበዛ ደግሞ የሰረገው ተመልሶ ይጠጣል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ የተስፋፋው ደከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ለከሰል ገቢው ጥሩ ነው፤ በአፈሩና በውኃው ላይ ያለው ድርሻ ግን በሞዴሉ ውስጥ እንደ ማንኛውም ጠጪ ተመዝግቦ መታየት አለበት።

ሞዴሉ ራሱስ ምን ያህል ይታመናል? የሚታመነው በተመገበው ልኬት ልክ ነው። በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንግሽታ ዙሪያ፣ የእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር በ2006 ዓ.ም. የጀመሩት ሥራ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። የስርገቱን መጠን በዘጠኝ ዘዴ አሰሉት፤ ውጤቱ በዓመት ከ45 እስከ 814 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተለያየ። የእያንዳንዱን ዘዴ ድክመት ከመረመሩ በኋላ ይበልጥ ይሆናል ያሉት ከ280 እስከ 430 ሚሊ ሜትር ያለውን ነው። አንዱን ዘዴ ብቻ ይዞ የመጣ ባለሙያ «ውኃ ሞልቷል» ወይም «ውኃ የለም» ብሎ በሙሉ ልብ ሊናገር ይችል እንደነበር አስቡት። ለዚህ ነው አንድ ቁጥር ብቻ ከሚሰጥ ሞዴል ይልቅ «ከዚህ እስከዚያ ይሆናል» የሚለውን የማምነው።

የዚያው ሥራ ሌላ ትምህርት ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ጥልቀት የለኩት የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው፤ የሰበሰቡት መረጃ ሲፈተሽ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ የማያንስ ጥራት ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ጉድጓድ መለካት ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር ይበቃል። ሰዓቱ ግን መጠበቅ አለበት፤ ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ውኃው ሌሊቱን አድሮ ከተረጋጋ በኋላ መሆን አለበት። ሜትሩ የሚለቀቀው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ በቀለም ከተደረገ ምልክት ነው። ክብደቱ ውኃውን ሲነካ ድምፁ ይሰማል፤ እዚያ ላይ ይነበባል፣ ቀኑና ቁጥሩ በደብተር ይጻፋል። ትናንት ማታ ሞተር ሠርቶ ከሆነ ይህም ይጻፋል። አንድ ዓመት እንዲህ የተጻፈ ደብተር ያለበት ቀበሌ፣ ከጣቢያ ብዙ ርቀት ላይ ካለ ወረዳ በተሻለ ሞዴል ሊሠራበት ይችላል። ሞዴሉን መግራት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ያወጣው ቁጥር ደብተሩ ላይ ካለው እስኪገጥም የአፈሩን ጠባይ ማስተካከል፣ ከዚያም ባልታየ ዓመት መፈተን።

ከሞዴል የማይጠበቅ ነገርም አለ። «የት ልቆፍር?» ለሚል ሰው መልስ የለውም፤ የመቶ ሜትር ቁራሽ አማካይ እንጂ የእያንዳንዱን ስንጥቅ ቦታ አያውቅም። የሚጠቅመው «ይህ ቢሆንስ?» ለሚሉ ጥያቄዎች ነው። በዚህ ሸለቆ ሞተሮቹ በእጥፍ ቢጨምሩ ምንጩ በየትኛው ወር ይደርቃል? ከምንጩ 200 ሜትር ውስጥ መሳብ ቢቀርስ? ስንዴው በኅዳር መጨረሻ ሳይሆን በጥቅምት መጨረሻ ቢዘራና ውኃው ገና ሳይወርድ ቢጠቀም? ይህ የመጨረሻው ብዙ ተስፋ ያለው ነው፤ ከላይ እንዳየነው ውኃው እንደሆነ በራሱ ይወርዳል፣ ቀድሞ የተጠቀመበት ከሚፈሰው ላይ ይወስዳል፤ ለሚያዝያ የሚቀረው ግን ምን ያህል እንደሚነካ ሳይሰላ መወሰን የለበትም። በቆጋ ግድብ ሥር ያለው የመስኖ መሬት ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ከቦይና ከማሳ የሚሰርገው ውኃ የአካባቢውን ጉድጓዶች ሊመግብ ስለሚችል እዚያ የሁለቱ ሒሳብ አብሮ መሠራት አለበት።

አሁን ወደ ሕጉ። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ግን ከፈቃድ ነጻ አድርጓል። በባልዲ ለሚቀዳ ጉድጓድ ይህ ተገቢ ነበር። ሞተር ሲገጠምበት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተደምረው ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት የሚበልጥ ውኃ ይስባሉ፤ በማንም መዝገብ ላይ የሉም። ለእያንዳንዱ ገበሬ ፈቃድ እንዲያወጣ ማድረግ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ቢሮው አይደርስበትም፣ ገበሬውን ያጉላላል።

የጎጃም ገበሬ የተሻለ ነገር አለው። ከወንዝ በሚጠለፍ ባህላዊ መስኖ የውኃ አባት ይመረጣል፤ ተራ ያወጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ የተጣላ ያስታርቃል። በመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006ም ለተደራጁ ተጠቃሚዎች ሕጋዊ መንገድ ተከፍቷል። የከርሰ ምድር ውኃ ግን እስካሁን የውኃ አባት የለውም፤ እያንዳንዱ «በግቢዬ ያለ ውኃ የእኔ ነው» ብሎ ይስባል። ሞዴሉ እንደሚያሳየው የሁሉም ግቢ ውኃ አንድ ውኃ ነው፤ የላይኛው ሲስብ የታችኛው ይወርድበታል።

ስለዚህ አንድ ሸለቆ እንዲህ ቢጀምር ይበጃል እላለሁ። ሦስት ወይም አራት ሞተር የሌለባቸው ጉድጓዶች ለመለኪያ ይለዩ፤ በየሳምንቱ ይለኩ። የሁለት ዓመት ደብተር ሲገኝ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሞዴሉን ይሥራበት፤ ምንጩ እስከ ግንቦት እንዲፈስ በየካቲት አጋማሽ የመለኪያ ጉድጓዶቹ ውኃ ከስንት ሜትር በታች መውረድ እንደሌለበት ያስላ። ያ ቁጥር በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ይሠመር። ተጠቃሚዎቹ በኅዳር፣ ማንም ዘር ሳይዘራ፣ ተሰብስበው ይወስኑ፦ ውኃው በየካቲት ከመሥመሩ በታች ከወረደ ሞተር በፈረቃ ይሠራል፤ ከጅረቱ ቅርብ ያሉት መጀመሪያ ይቀንሳሉ፤ ለመጠጥ የሚቀዳ አይነካም። ፈረቃውን የሚቆጣጠረውም የሚመርጡት የውኃ አባት ይሁን።